ስድስት ሌሊት በትንሿ ገንዳ ውስጥ፦ የጌንቱ የብስክሌት ውድድር ነገር

ሰባራ ፔዳል (ጌንት) • ረቡዕ፣ ማታ 4፡15

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ አንድ ጉድ አይቼ መጣሁና ለማን ልንገር ብዬ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ የዚሁ የቤልጂየም ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ "ኩይፕከን ሳታይ ጌንት ኖርኩ እንዳትል" እያለ ሲነዘንዘኝ ከርሞ፣ ትናንት ራሱ ቲኬት ገዝቶ ይዞኝ ሄደ። ኩይፕከ በእነሱ ቋንቋ ትንሿ ገንዳ እንደ ማለት ነው። መናፈሻ ውስጥ ያለ አሮጌ አዳራሽ ነው። ከውጭ ስታየው ምንም አይመስልም። ከዚያ በትራኩ ሥር ባለ መተላለፊያ ያስገቡህና መሀሉ ላይ ብቅ ትላለህ።

ቀና ስል ብስክሌቶቹ ከራሴ በላይ ናቸው። አልዋሸሁም! መንገዱ ጣውላ ነው። መታጠፊያው ላይ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ሙሉ ዙሩ 166 ሜትር ብቻ ነው፤ የምናውቀው የሩጫ መም 400 ሜትር ስለሆነ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሲፈጥኑ አንዱን ዙር በዘጠኝ ሰከንድ ገደማ ይጨርሱታል። ባለፉ ቁጥር ጣውላው ድድድድ ይላል። መሀል ያለው ሕዝብ ደግሞ ቢራውን ይዞ ቆሞ ያወራል፣ ይዘፍናል። ጭራሽ ለውድድሩ ጀርባውን የሰጠም አለ። ሠርግ ቤት ነው የሚመስለው፤ ሙሽሮቹ ብቻ ዙሪያውን በብስክሌት ይዞራሉ።

ይኼ ነገር ማክሰኞ ተጀምሮ እሑድ ነው የሚያልቀው። ጌንት ውስጥ ከ1922 ጀምሮ አለ (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች ማርሴል ቡይሰ የሚባል ቤልጂጋዊና ኦስካር ኤግ የሚባል የስዊዝ ሰው ነበሩ። ቤት ገብቼ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስለዚሁ ሳነብ ቆየሁ። ዛሬ ሥራ ቦታ እያንቀላፋሁ ነው የዋልኩት።

ጥያቄ አለኝ (አዲስ አበባ) • ረቡዕ፣ ማታ 4፡40

በስመ አብ! ስድስት ቀን ሙሉ አይተኙም እንዴ? ደግሞ ለምን ስድስት? አምስት ወይ ሰባት ቢሆን ምን ነበረበት?

ሰባራ ፔዳል (ጌንት) • ረቡዕ፣ ማታ 5፡05

እህቴ፣ አሁንማ ይተኛሉ። ማታ ማታ ነው የሚወዳደሩት። ድሮ ግን ሌላ ነበር፤ እሱን እመለስበታለሁ።

"ለምን ስድስት" ያልሽው እኔንም ነው ያስገረመኝ። መልሱ ሰንበት ነው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ እሑድ ቀን እንዲህ ያለ ጨዋታ ማሳየት ነውር ነው። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ሙልጭ አድርጎ መጠቀም ነበር። በመጀመሪያ እግረኞች ናቸው እንዲህ የሚፎካከሩት። አዳራሽ ውስጥ ስድስት ቀን እየዞሩ ይራመዳሉ፣ ሕዝቡ ከፍሎ ያያል። ብስክሌቱ ከዚያ ነው የመጣው።

የካቲት 25 ቀን 1878፣ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ዴቪድ ስታንተን የሚባል ብስክሌተኛ ለንደን ኢስሊንግተን በሚገኘው የግብርና አዳራሽ ውስጥ ብቻውን መዞር ጀመረ። ከብት የሚታይበት፣ የሚሸለምበት አዳራሽ ነው። ውርርዱ 100 ፓውንድ ነው፦ በቀን ቢበዛ 18 ሰዓት እየነዳ በስድስት ቀን 1000 ማይል፣ ማለትም 1600 ኪሎ ሜትር ገደማ መጨረስ። ብስክሌቱ ደግሞ ያቺ የፊት ጎማዋ የሰው ደረት የምትደርስ፣ የኋላዋ ሳህን የምታክል ናት። ሰውየው በ73 ሰዓት ንዳት ጨርሶ ገንዘቡን በላ።

ሲያዩት ያዋጣል። በዚያው ዓመት ኅዳር 18 እዚያው አዳራሽ ውስጥ 12 ሰው ሆነው እውነተኛ ውድድር አደረጉ። ቢል ካን የሚባል የሼፊልድ ሰው ከ1060 ማይል በላይ ነድቶ አሸነፈ።

ሰንበቴ (ባሕር ዳር) • ረቡዕ፣ ማታ 5፡20

ቆይ ቆይ። እሑድን ለማክበር ብለው ስድስት ቀን አደረጉት። አንተ ደግሞ የጌንቱ ማክሰኞ ተጀምሮ እሑድ ያልቃል እያልክ ነው። ታዲያ ሰንበትን ማን በላው?

ሰባራ ፔዳል (ጌንት) • ረቡዕ፣ ማታ 5፡22

ሃሃሃ ቢራ ሻጩ!

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) • ሐሙስ፣ ንጋት 11፡30

የአሜሪካውን እኔ ልቀጥልላችሁ፤ ነገሩ እዚህ ሲደርስ ነው ያበደው።

ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ በ1891 ተጀመረ። ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ለራሱ ይነዳል፣ ሰዓቱ 24 ሰዓት አይቆምም። የተኛ ይቀደማል። ስለዚህ አይተኙም። አሠልጣኞቻቸው ከትራኩ ዳር ቆመው ያበሏቸዋል፣ ያሿቸዋል፣ ሲደነዝዙ ደግሞ ኮኬይንና ስትሪክኒን ሳይቀር ይሰጧቸዋል። አዎ፣ ያው የአይጥ መርዙ። ያኔ ክልክል አልነበረም።

በታኅሣሥ 1896 ከገቡት መሀል አንድ የ18 ዓመት ጥቁር ልጅ ነበር። ሜጀር ቴይለር። የልደቱን ቀን ሳይ ገረመኝ፤ የተወለደው ኅዳር 1878 ነው። ማለት ሰባራ ፔዳል የነገረን የለንደን ውድድር በተደረገበት በዚያው ወር! ይኼ ልጅ በአጭር ርቀት ነው የሚፈጥነው። ስድስት ቀን የእሱ ነገር አልነበረም። ግን ገባ፣ ከ2700 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ፣ ስምንተኛ ወጣ። መጨረሻ አካባቢ እንቅልፍ አናቱ ላይ ወጥቶበት አልነዳም አለ። ምክንያቱን ሲጠይቁት አንድ ሰው ቢላ ይዞ እያባረረኝ ነው አላቸው። ማንም አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በሆቴል አናሳድርህም፣ በትራክ አናስገባህም በሚባልበት ዘመን። እኔ የዚህን ሰው ስም ሰምቼ የማላውቅ መሆኔ ነው የከነከነኝ። ልጆቼ ስለ እሱ ትምህርት ቤት ተምረው ነው የነገሩኝ።

በ1897 ቻርሊ ሚለር የሚባል የቺካጎ ሰው 2093 ማይል ነድቶ ሲያሸንፍ ጋዜጦቹ ጮኹ። ስፖርት ሳይሆን ጭካኔ ነው አሉ። ብዙም ሳይቆይ የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ አወጣ፦ አንድ ሰው በቀን ከ12 ሰዓት በላይ መወዳደር አይችልም።

እዚህ ላይ ነው የነጋዴ ብልጠት። ሕጉ "አንድ ሰው" ነው የሚለው አይደል? አዘጋጆቹ ሁለት ሁለት ሰው አጣመሩ። አንዱ ሲያርፍ አንዱ ይነዳል፤ ውድድሩ 24 ሰዓት ይቀጥላል፣ ቲኬቱም ይሸጣል። በ1899 ያው ሚለር ፍራንክ ዋለር ከሚባል ጋር ተጣምሮ አሸነፈ። 2733 ማይል! ሕጉ የወጣው እንዲያርፉ ነበር፤ ከበፊቱም በላይ ፈጠኑ። ዛሬ ኦሊምፒክ ላይ "ማዲሰን" የሚባለው የጥንድ ውድድር ስሙን ያገኘው ከዚያ አዳራሽ ነው። ፈረንሳዮቹ ደግሞ "አሜሪካዊው" ይሉታል።

ጥያቄ አለኝ (አዲስ አበባ) • ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡10

ጋሼ ሲልቨር፣ ቢላ የያዘው ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ግን አልገባኝም። ሁለቱ ሲቀያየሩ አንደኛው ወርዶ ይቀመጣል? ሴቶችስ አልነበሩም?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) • ሐሙስ፣ ቀን 9፡00

ሴቶችም ነበሩ እህቴ፣ በዚያው በ1890ዎቹ። የእነሱ በቀን የተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እብደቱ ትንሽ፣ ፍጥነቱ ብዙ። ቲሊ አንደርሰን የምትባል ከስዊድን የመጣች የቺካጎ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የሚችላት አልነበረም። በ1902 ግን የሴቶች ውድድር ተከለከለ። የሴቶች ማዲሰን ኦሊምፒክ የገባው ቶኪዮ ላይ፣ በ2021 ነው። ስንት ዓመት እንደሆነ አንቺው አስቢው።

የመቀያየሩን ነገር ያየው ሰው ይንገርሽ።

ሰባራ ፔዳል (ጌንት) • ሐሙስ፣ ማታ 3፡45

እሱን እኔ ልንገርሽ፤ ማክሰኞ ማታ ዓይኔን ያልነቀልኩት እሱ ላይ ነው።

ማንም ወርዶ አይቀመጥም። ሁለቱም ትራኩ ላይ ናቸው። አንዱ ከታች፣ ጥቁሩ መስመር አጠገብ ይወዳደራል። ሌላው ከላይ፣ አጥሩ ሥር ቀስ ብሎ እየዞረ ትንፋሹን ይሰበስባል። ጓደኛው ሊደርስበት ሲል ቁልቁል ይወርዳል። ከኋላ የመጣው እጁን ይዘረጋል። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ከዚያ የደከመው ያለውን ፍጥነት በሙሉ በክንዱ ወደ ጓደኛው ይወረውረዋል። አዲሱ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይፈተለካል። የወረወረው ቀዝቅዞ ወደ ላይ ይወጣል።

አንድ ጥንድ ብቻ ቢሆን እሺ። 12 ጥንድ ነው፣ 24 ሰው፣ 166 ሜትር ላይ። ሁሉም በየጥቂት ዙሩ እንዲህ ያደርጋል። ብስክሌቶቹ ደግሞ ፍሬን የላቸውም። ማርሽ አይቀየርም። ካቴናው ከኋላ ጎማ ጋር ታስሮ ስለሆነ ጎማው እስከዞረ እግርህም ይዞራል፤ ፔዳሉን ላሳርፍ የለም።

አሸናፊው በዙር ነው የሚለየው። ሌሎቹን ሁሉ ዞሮ ከኋላ የደረሰባቸው አንድ ዙር አተረፈ ማለት ነው። እኩል ከሆኑ ነጥብ ይታያል። 100 ነጥብ የሞላ ደግሞ አንድ ዙር ይመረቅለታል። በመሀል በመሀል ሌላ ሌላም አለ፦ በየጊዜው የመጨረሻውን እያስወጡ መሄድ፣ በትንሿ ሞተር ደርኒ ኋላ ተጠግቶ መንዳት። የደርኒ ነጂዎቹ አብዛኞቹ ሸምገል ያሉ ቦርጫም ሰዎች ናቸው። ቦርጩ ነፋስ ይከላከላል ብሎ ባልደረባዬ ሲምልልኝ ነበር።

የድሬው ሳይክል (ድሬዳዋ) • ሐሙስ፣ ማታ 4፡30

ልጆች፣ ስታወሩ ወደ ከዚራ መለሳችሁኝ። እኛ ልጆች ሆነን ሳይክል በሰዓት ነበር የምንከራየው። ድሬ ሜዳ ናት፣ ለሳይክል የተፈጠረች። ታዲያ አንዲት ፍሬን የሌላት ነበረች፤ ርካሽ ስለሆነች እሷን ነው የምወስደው። ማቆሚያዋ የጫማዬ ሶል ነው። እናቴ ጫማው በወር ለምን እንደሚያልቅ እስክትሞት አልገባትም፣ ነፍሷን ይማር።

የጌንቶቹም ሞኝ አይደሉም ማለት ነው።

ሰባራ ፔዳል (ጌንት) • ሐሙስ፣ ማታ 4፡36

ጋሼ፣ እርስዎ ቀድመዋቸዋል!

ተጠራጣሪው (ፍራንክፈርት) • ሐሙስ፣ ማታ 5፡10

ይቅርታና፣ ደስታችሁን ላበላሽ ነው። እኔ እዚህ አገር አንድ ሁለት ጊዜ እንዲህ ዓይነቱን አይቻለሁ። ገንዘቤን አቀለጥኩ። ሁሉም የተቀነባበረ ነው። የአገሩ ልጅ መጨረሻ ምሽት ላይ "በተአምር" ያሸንፋል። ድሮ ደግሞ "ሰማያዊው ባቡር" የሚባል የትልልቆቹ ቡድን ነበር። ማን እንደሚያሸንፍ፣ ማን እንደሚጋበዝ እነሱ ናቸው የሚወስኑት ይባላል። ይኼ ስፖርት ነው ወይስ ትያትር?

ሰባራ ፔዳል (ጌንት) • ሐሙስ፣ ማታ 5፡40

ወንድሜ፣ ግማሹን እቀበልሃለሁ። እስከ መጨረሻው ምሽት ልዩነቱ ጠባብ እንዲሆን ሁሉም ይፈልጋል። አዘጋጁም፣ ቢራ ሻጩም፣ ተወዳዳሪውም። ባልደረባዬ ራሱ አይክድም። ግን 24 ሰው ያለ ፍሬን እጅ ለእጅ ሲወራወር ያየሁት እኔ "ትያትር ነው" ለማለት አፌ አይሞላም። ቅንብሩ ቢኖር እንኳ ላቡ የእውነት ነው።

ደግሞ ፓትሪክ ሰርኩን በትያትር አታሸንፈውም። በ1964 ቶኪዮ ላይ የአንድ ኪሎ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። 223 የስድስት ቀን ውድድር ገብቶ 88 አሸነፈ። የሚስተካከለው የለም። ጌንት ላይ ብቻ 11 ጊዜ! ኩይፕከ በ1962 ተቃጥሎ በ1965 እንደገና ሲከፈት ያሸነፉት ሰርኩና የ20 ዓመቱ ኤዲ መርክስ ናቸው። አዎ፣ ያው በኋላ ቱር ደ ፍራንስን አምስት ጊዜ ያሸነፈው መርክስ። ሰርኩ ጡረታ ወጥቶም አልቀረም፤ ይኸው ውድድር አዘጋጅ ሆነ። በ2019 ነው ያረፈው።

የድሬው ሳይክል (ድሬዳዋ) • ሐሙስ፣ ማታ 5፡55

ይህ ሰርኩ በ1974 የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማሊያ፣ በነጥብ አንደኛ የሆነው የሚለብሰውን፣ ለብሷል። ልክ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ያንን ማሊያ የለበሰው የአስመራው ቢኒያም ግርማይ ነው። ቢኒያም ደግሞ በ2022 ጌንት ዌቨልገም የሚባለውን የመንገድ ውድድር ሲያሸንፍ እኔ ሬዲዮኔን አቅፌ ነበር።

የእኛም ልጆች እኮ በ1956 ሜልበርን ላይ፣ አገራችን የመጀመሪያዋ ኦሊምፒክ ላይ፣ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ሰው ሁሉ ሩጫውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ናፍቆት (ሃይፋ) • ዓርብ፣ ጠዋት 2፡20

አንብቤ ዝም ልል ነበር። አንድ ነገር ግን ሳልጨምር አልቀርም።

ውድድሩ ከአሜሪካ ተመልሶ አውሮፓ ሲገባ በርሊን በ1909፣ ብራስልስ በ1912፣ ፓሪስ በ1913 ጀመሩ። የፓሪሱ አዳራሽ የክረምት ቬሎድሮም (የብስክሌት መወዳደሪያ አዳራሽ) ነበር፤ በአጭሩ ቬል ዲቭ ይሉታል። ስሙን ከስፖርት መጽሐፍ አይደለም የማውቀው። እዚህ አገር በመታሰቢያ ቀን የሚነሳ ስም ነው።

ሐምሌ 16 እና 17 ቀን 1942፣ ፓሪስ በናዚ እጅ ሳለች፣ የፈረንሳይ ፖሊሶች ከ13,000 በላይ አይሁዶች ያዙ። ከመሀላቸው ከ4,000 በላይ ሕፃናት ነበሩ። ቤተሰብ የሆኑትን፣ 8,000 ያህሉን፣ ያንኑ ቬሎድሮም ውስጥ ለቀናት ዘጉባቸው። በሐምሌ ሙቀት፣ ውሃ እንደ ልብ በሌለበት፣ መጸዳጃው በማይበቃበት። ከዚያ ወደ ካምፕ፣ ከካምፕ ወደ አውሽዊትዝ። የተመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ውድድሩ ቀጠለ።  በ1959 ነው የፈረሰው። ፈረንሳይ በፕሬዚዳንቷ አፍ ኃላፊነቷን የተቀበለችው በ1995።

ሰባራ ፔዳል (ጌንት) • ዓርብ፣ ጠዋት 2፡50

ናፍቆት፣ አመሰግንሻለሁ። "ፓሪስ 1913" ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ አልፌው ነበር።

ጥያቄ አለኝ (አዲስ አበባ) • ዓርብ፣ ቀን 7፡15

የሞተ ሰው የለም ግን? ያለ ፍሬን ስትለኝ እሱን ነው ያሰብኩት።

ሰባራ ፔዳል (ጌንት) • ዓርብ፣ ቀን 8፡00

አለ። እዚሁ ኩይፕከ ውስጥ፣ ኅዳር 2006። ኢሳክ ጋልቬዝ የሚባል ስፔናዊ ነው፤ በዚያ ዓመት የዓለም የማዲሰን ሻምፒዮን ነበር፣ 31 ዓመቱ። ዲሚትሪ ደ ፋው ከሚባል የጌንት ልጅ ጋር ተነካኩ። ጋልቬዝ አጥሩ ላይ ተጋጭቶ ሞተ። ውድድሩ እዚያው ላይ ቆመ። ደ ፋው ግን ራሱን ይቅር አላለም። ከሦስት ዓመት በኋላ በራሱ እጅ አለፈ።

ባልደረባዬ ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ነበር። ጸጥታው ነው ትዝ የሚለኝ አለ፤ ያ ሁሉ ሰው ቢራውን እንደያዘ። ሌላ አልጨመረልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ሰንበቴ (ባሕር ዳር) • ዓርብ፣ ማታ 3፡05

ነፍስ ይማር።

ለመሆኑ አሜሪካኖቹ ለምን ተዉት? እንዲያ ሲያብዱለት ከርመው።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) • ቅዳሜ፣ ንጋት 10፡40

መኪናው፣ የ1930ዎቹ ድህነት፣ ከዚያ ጦርነቱ። በአጭሩ ይኼው ነው። በ1920ዎቹ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደንን ሌሊት ሌሊት ይሞላው የነበረ ነገር፣ ዛሬ እዚህ ጎረቤቴን ብጠይቀው "ማዲሰን የሰው ስም ነው" ነው የሚለኝ። አውሮፓም ቢሆን ሙኒክና ዶርትሙንድ ዘግተዋል።

ሰባራ ፔዳል (ጌንት) • ሰኞ፣ ማታ 3፡30

ትናንት እሑድ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህኛው የራሴን ቲኬት ነው የገዛሁት።

መሀል ቆሜ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ስለ ብራድሊ ዊጊንስ ነገሩኝ። ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው እንግሊዛዊ የተወለደው እዚህ ጌንት ነው። አባቱ አውስትራሊያዊ የትራክ ብስክሌተኛ ነበር፣ ለዚሁ ሥራ ነው እዚህ የኖረው። ልጁ በ2016 ማርክ ካቬንዲሽ ከሚባል ብስክሌተኛ ጋር መጥቶ፣ የዕድሜውን የመጨረሻ ውድድር እዚህች ገንዳ ውስጥ አሸንፎ ወጣ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ሞልቶ ነበር። ቢራውም ሊሆን ይችላል።

ተጠራጣሪው፣ አንተ ከፍራንክፈርት በባቡር መምጣት ትችላለህ። የሚቀጥለው ዓመት ቲኬቱ በኔ።

ተጠራጣሪው (ፍራንክፈርት) • ሰኞ፣ ማታ 4፡00

የአገሩ ልጅ ካሸነፈ ቢራውም ባንተ ነው።

ሰባራ ፔዳል (ጌንት) • ሰኞ፣ ማታ 4፡02

እሺ። ብቻ ወፍራም ጃኬት እንዳትለብስ፣ ውስጡ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። ጫማም አሮጌ አድርግ፤ ወለሉ በቢራ ተጣብቆ ነው የሚያድረው።